አባትህ ዛሬም አይሰማም

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ
ከሥራ ቤታችን

ለምትናፍቀኝ ልጄ፣ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ የኔ ጌታ? ብርዱ እንዴት አደረገህ? ያ ደረትህን አንቆ የሚይዝህ ሳልስ ተወህ? ካልተወህ እንደ አባትህ «ራሱ ይሄዳል» እያልክ አትቀመጥ፣ ሐኪም አሳየው። እኛ ደህና ነን።

ደህና ነን ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶውን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። ለካ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ ደህና ነን በማለት። ጤናችንስ ደህና ነው፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር። ልቤ ግን ሰሞኑን ደህና አይደለም። ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ ሳለ መኪናው ይቆማል፣ እሱ አይቆምም።

የጻፍኩልህ በስልክ የማይሆንልኝ ነገር ቢሆን ነው። አንተ «እማ፣ ምን ሆነሻል?» ካልከኝ አለቀልኝ፣ ከዚያ በኋላ የማውቀው ማልቀስ ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ቪዲዮ አለ። እስካሁን ካልደረሰህም መድረሱ አይቀርም፤ የጸሎት ቤታችን ሰዎች ያልላኩለት ሰው የለም። አባትህ መድረክ ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ሕዝቡ በእልልታ ሲናወጥ ታያለህ። ከሥሩ «መስማት የተሳነው ሰማ» ብለው ጽፈውበታል።

ልጄ፣ አባትህ አልሰማም። ዛሬም አይሰማም።

ይኸው፣ ወጣልኝ። አንተ በደወልክ ቁጥር «አባባን አገናኚኝ» ስትለኝ «አሁን ወጣ»፣ «ተኝቷል»፣ «እጁ ሙጫ ነው» እያልኩ የሸነገልኩህ ለዚህ ነው። ሙያውን ትተህ በመሄድህ ቂም የያዘብህ መስሎህ ለእህትህ እንደነገርካት ሰምቻለሁ። ቂም የለውም የኔ ልጅ፣ ጆሮ ነው የሌለው። ያ የመላጊያ ማሽን እንጨቱን ሲልግ ስንት ዘመኑ፣ ለካ የአባትህንም ጆሮ አብሮ እየላገው ኖሯል። መጀመሪያ ወፍ ጠፋችበት፣ ቀጥሎ የበር ደወል፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ። «ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብሎ አስማለኝ፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ካናገረው ከንፈር አይቶ ሁሉም ይገባዋል። የሚያስቸግረው ጢማም ሰው ብቻ ነው። ጢማም ደንበኛ ሲመጣ የሶፋ ስፖንጄን ጥዬ እኔ እወጣለሁ። ስለዚህ ከእንግዲህ ስትደውል ፊትህ የሚታይበትን አድርገህ ደውል። እባክህ ያንንም ጢምህን ተላጨው።

አሁን ወደ ጉዱ ልመለስ።

መጋቢያችን የጸሎት ቀን አወጀ። ታውቀዋለህ፣ ቀጭኑ፣ ሲጸልይ ከልቡ የሚያለቅሰው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። «ጆሮአችሁ የሚያስቸግራችሁ ውጡ» ሲል አባትህን በክርኔ የጎሸምኩት እኔ ነኝ። ወንበሩን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ነበር፤ ገፋሁት፣ ወጣ። ሰው የሚያውቀው «ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል» የሚለውን ብቻ ነው። መጋቢው እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ ጸለየ፣ ሕዝቡም ጸለየ፣ እኔማ ያልኩትን አልነግርህም። ከዚያ መጋቢው ተነሥቶ ከአባትህ በስተጀርባ ዞረና በሙሉ ጉልበቱ አጨበጨበ፤ ቅንዓት ይዞት ደግሞ በእግሩ መድረኩን መታው። አባትህ ዞር አለ።

ያንን የሳንቃ መድረክ የሠራው ማን ሆነና? አባትህ ራሱ ነው። ሥሩ ባዶ ስለሆነ ድመት ብትራመድበት እንኳ እግርህ ላይ ይሰማሃል። ሕዝቡ ግን ይህን ከየት ይወቅ! ቤቱ ተናወጠ። መጋቢው እንባው በጉንጩ እየወረደ ከፊቱ መጥቶ «ትሰማኛለህ?» አለው። አባትህ ከንፈሩን አየና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ ይኸው ነው ቪዲዮው።

ቤት ስንገባ ከኋላው ቆሜ «ሻይ ላፍላ?» አልኩት። ዝም። የድስት ክዳን ለቀቅኩ። ዝም። ፊቱ ዞሬ ቆምኩ።

«ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

«እግሬ ነው የሰማው» አለኝ።

«ታዲያ ምን ያስነቀንቅሃል አንተ ሰውዬ!»

«ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ሲያለቅስ አልሰማሁም ብዬ ላሳፍረው? ጌታንስ በቤቱ ላሳፍረው?» አለና ቆይቶ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ «ለአንድ አፍታ እኔም የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ይህን ሲለኝ ጭቅጭቁን ተውኩት። ነገ እንነግራቸዋለን ተባብለን ተኛን።

በማግስቱ ግን ጎረቤቱ አበባ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ መጡ። አንዷ እህት ደጃፋችን ላይ ተንበርክካ አመሰገነች። ለዚያ ሁሉ ሰው «ይቅርታ፣ በስህተት ነው» እንዴት ይባላል? ለእሑድ ደግሞ የፊት ረድፍ ላይ ቦታ ተያዘልን። እነዚያን የፊት ወንበሮች የሸፈንኳቸው እኔ ነኝ፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ አውቃለሁ፣ ርካሽ ስፖንጅ ነው። ግን ስቀመጥበት ለሰለሰኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ለሰለሰኝ። «የተአምሩ ባለቤት» እያሉ በጣታቸው ሲጠቁሙኝ አንገቴን ቀና አደረግኩ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ቲያትር ሆነ። መንገድ ላይ ሰው ከኋላ ሲጠራው የኮቱን ጫፍ እጎትታለሁ፣ እሱም «አቤት!» ይላል። ጸሎት ቤት ስንቀመጥ እግሬን እግሩ ላይ አደርጋለሁ፤ ጫን ካደረግኩ «አሜን»፣ ደገም ካደረግኩ «ሃሌሉያ»፣ ጫን አድርጌ ከያዝኩ መነሣት ነው። አንድ ቀን እግሬ ደነዘዘ። እንደ ጉንዳን ሲወረኝ ሳላስበው ደጋግሜ አንቀሳቀስኩት። ለካ ልክ በዚያች ሰዓት ሽማግሌው ማይኩን ይዞ «የመዘምራኑ መሪ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል» እያለ ነው። አባትህ እጁን ዘርግቶ «ሃሌሉያ!» አለ፣ ያውም ጣሪያ በሚሰነጥቅ ድምፅ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት ስል፣ አንዱ አዛውንት ብድግ ብለው «አሜን! በመከራ የሚያመሰግን እምነት ይህ ነው!» አሉና ሕዝቡ አጨበጨበ። ሳቄን ልዋጥ ወይስ እንባዬን፣ አላወቅኩም። አንድ ሰው ብቻ አላጨበጨበም፣ የመዘምራኑ መሪ። የወደቁት እናቷ ናቸዋ! ዞር ብላ አየችን፤ እኔ መሬት አየሁ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳታችን በራሳችን ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ማንን ጎዳን? ሰው ደስ አለው፣ ጌታ ተመሰገነ እላለሁ። ስብከት ላይ «ግብዝ» ሲባል እኮ ልጄ፣ እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ሌላ ሰው ነበር፣ ያቺ ሐሜተኛዋ፣ ያ በሚዛን የሚያጭበረብረው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባል የለ? በእኛ ቤት ደግሞ ልቡም ጭምር ባዕድ ሆነ።

አሁን ግን ሚጣ አለች።

ከሥራ ቤታችን ጎን ያለውን ክፍል የተከራየችው ጸጉር ሠሪ ትዝ ትልሃለች? አንተ ስትሄድ እርጉዝ ነበረች። ሚጣ ያኔ በሆዷ የነበረችው ናት። አሁን አድጋ ቀኑን ሙሉ የስፖንጅ ቁርጥራጬ ውስጥ ትንከባለላለች፣ ስትስቅ የፊት ጥርስ የላትም። ጆሮዋ ይመግላል። ጥጥ ይገባበታል፣ ጥጡ ይወጣል፣ ሽታው ልብ ይነካል። ሐኪሙ «ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን አጥንት እየበላው ነው፣ ካልተጸዳ ወደ ጭንቅላቷ ይሄዳል» ብሎ ለእናቷ ነግሯታል። ወረፋው ስንት ወር ተጠብቆ የቀዶ ጥገናው ቀን ለሰኞ ደረሰ። ለከነገ ወዲያ ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት እናቷ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች።

«እትዬ፣ ሰኞን ትቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ቀዶ ጥገናውን። እሑድ ጋሼ ስለ ፈውሱ ሊመሰክር አይደል? ያኔ ሚጣን ይዤ መድረኩ ሥር እቆማለሁ። እሱን የፈወሰ ጌታ እሷን ያቅተዋል?»

እኔስ ምን አልኩ? «ጌታ ያውቃል» አልኩ። አፌ ሬት ሆነብኝ። ጌታማ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ናት።

ዓርብ መጋቢውን ልንገረው ብዬ ሄድኩ። የድምፅ ማጉያ ገመድ ተጠምጥሞበት እየፈታ ነው።

«መጋቢ፣ ባለቤቴ አልሰማም» አልኩት።

ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ፈውስ እኮ ቀስ በቀስም ይመጣል። አንቺ ብቻ በምላስሽ አትስበሪው።»

«አይ፣ ጭራሽ ነው የማይሰማው። እኔ አብሬው ነው የምኖረው።»

«ጴጥሮስም ውኃው ላይ ሲራመድ ማዕበሉን ሲያይ ነው የሰጠመው» አለኝና ገመዱን ሰጠኝ፤ «እስቲ ይህችን ጫፍ ያዢልኝ።» ገመድ ይዤለት ቆሜ፣ ጠቅልሎ ሲጨርስ አመስግኖኝ ሄደ። አንድ ነገር አየሁ ግን። ሲሄድ ፊቱ እንደ መጣሁበት ጊዜ አልነበረም። የፈራ ይመስላል። ያ ቪዲዮ ስንት አገር እንደደረሰ እኔ አላውቅም፣ እሱ ያውቃል።

ዛሬ ጠዋት የሚጣ እናት ዘንድ ሄድኩ። የአንዲት ሙሽራ ጸጉር እየጠቀለለች ነበር። ወደ ጓዳ ሳብ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሳንቃውን፣ እግሩን፣ የኮቱን ጫፍ። እያየችኝ ፊቷ ጠቆረ።

«እትዬ፣ በዓይኔ ያየሁትን ልትክጂኝ ነው?»

«ያየሽውማ እውነት ነው፣ ዞሯል። የዞረው ግን...»

«በረከት አንቺ ቤት ሲገባ በሩን ከኋላው ትዘጊያለሽ? ለእኔ ልጅ ሲሆን ነው የቀነሰው?»

«ኧረ በስመአብ በይ! ሚጣን እንደ ልጄ...»

«እሱ ራሱ፣ ነገ ሰው ፊት፣ ከአፉ አልሰማሁም ካለ አምናለሁ። ካለዚያ አታድክሚኝ» ብላኝ ወደ ሙሽራዋ ተመለሰች።

አባትህ ጋር መጣሁ። ማሽኑን አጥፍቶ ፊቴን አየኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ቁርጥራጭ እንጨቱን በመዳፉ እያሻሸ ቆየ። «ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አለ። «ልጅቷስ?» አልኩት። ፊቱን አዞረ። እሱ ፊቱን ካዞረ እኮ ልጄ፣ መናገሬ ለግድግዳ ነው። ይኸው እስካሁን እንደዞረ ነው፣ እኔም ይህን እጽፍልሃለሁ። ነገ ምን እንደሚል አላውቅም። ዝም ብዬ ብቀመጥ ልጅቷ አለች፤ ብናገር የእሱ ፊት አለ፣ ዕድሜውን በሙሉ በእጁ ሥራ ብቻ የተከበረ ሰው። ምሳ አልበላሁም። የሶፋ ልብስ ገልብጬ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁት።

እሑድ ከሰዓት

አባዬ፣ እንደምንም ቁጭ ብያለሁ። ፊደሌ ከተጣመመ ይቅር በለኝ።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከሌላ ሰፈር ሁሉ መጥተዋል። ስልኮቹ ገና ከመዝሙሩ ጀምሮ ወደ እኛ ተደግነዋል። አባትህ ያንን ግራጫ ኮቱን ለብሷል። ቁርስ አልቀመሰም። የሚጣ እናት እንዳለችው ሚጣን ይዛ መድረኩ ሥር ቆማለች። ሚጣ ነጭ ካልሲ አድርጋለች፣ ጆሮዋ ላይ አዲስ ጥጥ አለ።

ተጠራ፣ ወጣ። መጋቢው ከጎኑ ቆሞ ማይኩን ራሱ አፍ ላይ ለጥፎ ጠየቀው። ማይኩ አፉን ጋረደው! አባትህ የሚያየው ከንፈር የለም። ሕዝቡ ይጠብቃል፣ መጋቢው ደግሞ ይጠይቃል፣ አባትህ በዓይኑ እኔን ፈለገኝ። ራሴን ወደ ታች ብነቀንቅለት እሱም ይነቀንቅ ነበር፣ አለቀ ማለት ነው። አንገቴ እምቢ አለኝ። እግሬ ግን ታዘዘኝ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ደረጃውን ወጥቼ ራሴን ከፊቱ ቆሜ አገኘሁት። እንደ ቤታችን፣ በደንብ አፌን ከፍቼ፣ «ምን እንደጠየቀህ ልንገርህ» አልኩት። «ትሰማለህ ወይ ነው ያለህ።»

አየኝ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ጥጡ አየ። ማይኩን ከመጋቢው እጅ ወሰደ።

«አልሰማም!» አለ።

የድምፁን መጠን አያውቀው፣ ጮኾ ስለነበር ማጉያው ሲጥ አለ፣ ሰው ጆሮውን ያዘ። እሱ ምንም አልታወቀውም። ቀጠለ። «ያን ቀን የሰማው እግሬ ነው። ሳንቃው ነው የነገረኝ። እናንተ ስታለቅሱ ጊዜ አፈርኩና ነቀነቅኩ። ጌታ የፈለገውን ያድርግ፣ ማድረግ ይችላል፤ ለእኔ ግን አላደረገልኝም። ይህችን ልጅ ነገ ውሰዷት። እኔን አይታችሁ እንዳትቀሩ።»

ማይኩን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ እንደ መስታወት።

ወይ ጉድ! ከዚያ ከኋላ «እምነት ጎድሎት ነው» የሚል ተሰማ፣ ሌላው «ሚስቱ ናት» አለ፣ ከዚያ ሁሉም በየአፉ። አንዱ ቪዲዮውን ሲያጠፋ አየሁት። ያ «በመከራ የሚያመሰግን» ያሉት አዛውንት ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። መጋቢው ቆሞ ቆሞ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ። ልሄድና ልዳብሰው ፈልጌ ነበር፤ እኔ የማን ቤት አጽናኝ ነኝ ብዬ ተውኩት። የሚጣ እናት ልጇን አንሥታ፣ እኛን ሳታይ፣ ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች ወጣች። ወጥታ ወዴት እንደሄደች አላየሁም።

በጎን በር ወጣን። እጁን ለሰላምታ የሚዘረጋልን ሰው አልነበረም፣ ከመዘምራኑ መሪ በቀር። ሮጣ ደረሰችብን።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን የእናቴ ዳሌ ሲነገር፣ ጋሼ ሃሌሉያ ያለው...»

«እግሬ ደንዝዞ ነው የኔ እህት» አልኳት፣ ቀሪውን አስረዳኋት። አፏን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ለእናቴ እነግራቸዋለሁ፣ ሲረግሙት ነው የከረሙት» አለችኝ። አባትህ ምን እያሳቃት እንደሆነ አልገባውም፣ አብሮ ግን ሳቀ።

ቤት ስንደርስ ኮቱን አወለቀና «ተዋረድን?» አለኝ። «ተዋረድን» አልኩት። «እንግዲህ ዳቦ ስጪኝ» አለ። ሁለት ዳቦ በላ።

እኔ ግን አልወረደልኝም። ከሰዓት በኋላ የሚጣ እናት በር ዝግ ነው። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ሙሽሮች ጸጉር ለመሠራት መጥተው ተመለሱ። የራሷ እናት ሩቅ አገር ናቸው፣ ወደዚያ ሄዳ ቢሆንስ? ተናድዳ፣ «ከሐኪሙም ከእነሱም ይቅርብኝ» ብላ ቢሆንስ? እውነት መናገር ሸክም ያቀልላል ይሉኛል፤ እስካሁን ቀሎኝ አላየሁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው የዝምታንም ወለምታ ይጨምራል መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ

ማለዳ የሚጣ እናት በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አባትህን ቀሰቀስኩና ሥራ ቤቱን እንኳ ሳንከፍት መጣን። ሆስፒታሉ ደግሞ የበር ብዛቱ! አንዱ ወደ ላይ ይለናል፣ ሌላው ወደ ታች። ከየበሩ ሻሿን እፈልጋለሁ፣ እሷ የራሷን ጸጉር ሁሌም በሻሽ ነው የምታስረው። የጆሮ ክፍል የሚባለው ጋ ስንደርስ ሻሿን አየሁት። ሚጣ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

«ተመስገን» አልኩ ልጄ።

እናቷ አየችን። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከፊት ለፊቷ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሳይቆይ አንዲት ነርስ አፏን በጭንብል ሸፍና መጣችና አባትህን አንድ ነገር አለችው። የኮቱን ጫፍ ልጎትት እጄን ዘረጋሁ። እሱ ቀደመኝ።

«እህቴ፣ አልሰማም። ጭንብልሽን ዝቅ አድርገሽ ንገሪኝ።»

እንዲህ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ቀላል ነገር! እኔ የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ። ነርሷ ጭንብሏን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ይህ ወንበር የታካሚ ነው፣ ይነሡ» አለችው። ተነሥተን ቆምን። የሚጣ እናት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከኋላዋ አይታወቅም።

ከዚያ ሚጣ ተጠራች። ጫማ ውጪ ይቀራል ተባለ። እናቷ በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በአንድ እጇ ልጅ፣ ጫማውን በጣቷ አውልቃ ዙሪያዋን አየች። ማስቀመጫ የለም፣ ወለሉ ርጥብ ነው። መጣችና ጫማውን ዘረጋችልኝ። «ያዢልኝ» አለችኝ። እትዬ አላለችኝም። ያዢልኝ ብቻ። ሚጣ ግን በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀችልኝ፣ በሩም ተዘጋ።

ይህንን የምጽፍልህ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሚጣን ጫማ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። አንደኛው የተረከዙ ስፌት ተለቋል፣ ክር ይዤ ቢሆን ኖሮ እሰፋው ነበር። እስካሁን አልወጡም። ሐኪሙ ዘግይቶ ይሁን በጊዜው የመጣው፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ሰዎቻችን ነገ ምን እንደሚሉን፣ ሶፋ የሚያሠራን ይኑር አይኑር፣ በየትኛው ረድፍ እንደምንቀመጥ፣ ይህን ሁሉ ዛሬ አላስብም። ጌታን የማናግረው ስለ አንዲት ጆሮ ብቻ ነው፣ እሱም እንደ ድሮው ቃል አሳምሬ አይደለም። «እባክህ» እላለሁ፣ ደግሞ «እባክህ» እላለሁ። አንተም ባለህበት እርዳኝ።

በሩ ተከፈተ! ሌላ ሰው ነው። ልቤን አወጣው።

በል የኔ ጌታ፣ ወረቀቱም አለቀ። የምትገባበት ደጅ ሁሉ ይከፈትልህ፣ የምትወጣበትም በሰላም ይመልስህ። ውስጥህና ውጪህ አንድ ሆኖ የምታድርበት ቤት ይስጥህ። ደረትህን ሸፍን። አባትህ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ ነው፣ ጉንጭህን ሳምኩት በይልኝ ይላል።

ጫማውን ይዛ የምትጠብቅ፣
እናትህ